ቤከር በ17 ዓመቱ ዊምብልደንን የበላው በዕድል ነው?

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ቴኒስ ስናይ መከራከር ልማዳችን ነው። እሱ እንደሚለው ጀርመናዊው ቦሪስ ቤከር በ1985 የለንደኑን የዊምብልደን ውድድር ያሸነፈው በዕድል ነው። ማክንሮን አልገጠመም፣ ሌንድልን አልገጠመም፣ ኮነርስን አልገጠመም፣ ሲድ እንኳን አልነበረም ይላል። እኔ በዕድል ብቻ አይመስለኝም፤ ግን ማስረጃ የለኝም። በማኪያቶ ተወራርደናል። እውነቱ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ዛሬ የ17 ዓመት ልጅ እንደዚያ ማድረግ ይችላል?»

መልስ፦

ማኪያቶውን ማን እንደሚከፍል መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ለጓደኛህ ሐቁን እንስጠው። የዘረዘረው ሁሉ እውነት ነው። ቤከር ያን ዓመት ጆን ማክንሮን አልገጠመም። ሌሎቹን የዘመኑን ጎምቱዎች፣ ኢቫን ሌንድልንም ሆነ ጂሚ ኮነርስን፣ ከመረቡ ማዶ አላያቸውም። ሲድም አልነበረም። እኔ የማልስማማው ከዚያ ተነስቶ በደረሰበት ድምዳሜ ነው።

ከሲዱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ገና በመጀመሪያው ዙር እንዳይጠፋፉ ዕጣው ውስጥ አራርቀው ያስቀምጧቸዋል። ሲድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ በዊምብልደን 32 ሲዶች አሉ። ይህ የመጣው በ2001 ነው። በ1985 ግን 16 ብቻ ነበሩ። ቤከር ወደ ውድድሩ ሲገባ ደግሞ የዓለም 20ኛ ነበር። አስተውል፣ 20ኛ! በዛሬው አሠራር ቢሆን ሲድ ሆኖ ነበር የሚገባው። «ሲድ ያልሆነ ሻምፒዮን» የሚለው ታሪክም ባልተጻፈ። በዚያ ላይ ሲድ አለመሆን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ሲድ ያልሆነ ሰው ገና በጠዋቱ ማንም ጎምቱ ሊደርሰው ይችላል።

እሺ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ እንዴት 20ኛ ሆነ? ይህ የክርክራችሁ ዋናው ክፍል ይመስለኛል።

ቤከር የተወለደው ኅዳር 1967 ላይመን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ሃይደልበርግ አጠገብ ናት። አባቱ ካርል-ሃይንዝ አርክቴክት ነበር፤ ልጁ ያደገበትን የቴኒስ ማዕከል የሠራውም እሱ ነው። ሌላው ልጅ ሜዳ ፍለጋ አውቶቡስ ሲሳፈር ለቤከር ሜዳው ደጁ ላይ ነበር። የባደን ክልል ቴኒስ ማኅበር ጎበዝ ልጆቹን ሰብስቦ የሚያሠለጥነውም እዚያው ላይመን ነበር። አሠልጣኙ ቦሪስ ብሬስክቫር ይባል ነበር። ከሚመጡት ልጆች አንዷ ከብሩል የምትመጣ፣ ከቤከር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የምታንስ ቀጭን ልጅ ነበረች። ስሟ ስቴፊ ግራፍ። ቤከር ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ከወንዶቹ ጋር ሲበለጥ ከሷ ጋር ያለማምዱት ነበር። አንድ ሜዳ ላይ ሁለት የወደፊት የዓለም አንደኞች ኳስ ሲቀባበሉ አስበው። ጓደኛህ ዕድል የሚባል ነገር ከፈለገ፣ እኔ ብሆን የምጠቁመው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ሁለት ሩማንያውያን ይመጣሉ። ጉንተር ቦሽ እና ኢዮን ቲሪያክ። ሁለቱም የብራሾቭ ከተማ ልጆች፣ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። ቦሽ በጀርመን ቴኒስ ፌዴሬሽን አሠልጣኝ ነበር። ቲሪያክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ለሩማንያ በኦሊምፒክ የበረዶ ሆኪ ተጫውቷል፤ በኋላ የአርጀንቲናውን ጊዬርሞ ቪላስን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መርቷል። ጺሙ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ገንዘብን ከሩቅ የሚያሸት ሰው። ቤከር 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ትምህርቱን ሲተው፣ አንዱ ሜዳውን አንዱ ደብተሩን ተረከቡ። ቦሽ ልጁን ያሠለጥናል። ቲሪያክ የት እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደሚዋዋል፣ መቼ እንደሚያርፍ ይወስናል። ልጁ ኳስ ከመምታት በቀር የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ልጆችን ሳሠለጥን ወላጆች የሚጠይቁኝ ስለ ፎርሃንድ ነው። ስለ ፕሮግራም የሚጠይቀኝ የለም። የብዙ ልጅ ተሰጥኦ የሚባክነው ግን ፕሮግራሙ ላይ ነው።

አሁን ወደ 1984 እንምጣ። ቤከር በ16 ዓመቱ ዊምብልደን ገብቶ ሦስተኛ ዙር ደረሰ። እዚያ ከአሜሪካዊው ቢል ስካንሎን ጋር ሲጫወት የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጠሰ። በቃሬዛ ነው ከሜዳ የወጣው። ቀዶ ሕክምናም አስፈለገው። ወላጅ ብትሆን «ልጄ፣ ወደ ትምህርትህ ተመለስ» የምትልበት ሰዓት ነው። እሱ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ አውስትራሊያ ሄዶ ሩብ ፍጻሜ ገባ። ያኔ የአውስትራሊያው ውድድርም በሳር ሜዳ ላይ ነበር የሚካሄደው። ከዊምብልደኑ ድል ሰባት ወር በፊት ልጁ በሳር ላይ ከግራንድ ስላም (ከአራቱ የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ) የመጨረሻ ስምንት ተጫዋቾች አንዱ ሆኗል ማለት ነው። ይህንን ለጓደኛህ ንገረው።

ግንቦት ላይ በፓሪሱ ግራንድ ስላም በሁለተኛው ዙር በስዊድናዊው ማትስ ቪላንደር ተሸነፈ። ቪላንደር በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደ፤ ስለዚህ የሚያሳፍር ሽንፈት አልነበረም። የሚገርመው ሌላ ነው። የጀርመን ልጆች የሚያድጉት በቀይ የሸክላ አፈር ሜዳ ላይ ነው። ቤከርም እንደዚያው። ግን በሙያ ዘመኑ ካገኛቸው 49 የነጠላ ዋንጫዎች አንዱም በቀይ አፈር ላይ የተገኘ አይደለም። ሰውየው ያደገበትን አፈር አልወደደውም፤ የወደደው የእንግሊዝን ሳር ነው።

ሰኔ ላይ ለንደን ገባ። የኩዊንስ ውድድር ፍጻሜ ላይ ጆሃን ክሪክን 6 ለ 2 እና 6 ለ 3 አሸነፈና የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫውን አነሳ። ተሸናፊው ክሪክ ልጁ እንዲህ ከተጫወተ ዊምብልደንን ሊያሸንፍ ይችላል አለ። ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

አሁን ዊምብልደን። እዚህ ላይ ጓደኛህ ትንሽ ነጥብ ያገኛል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ስዊድናዊው ዮአኪም ኒስትሮም ደረሰው። ሰባተኛው ሲድ ነው። ጨዋታው አምስተኛ ሴት ገባ። («ሴት» የምለው የቴኒሱን ነው፤ ጨዋታው የሚከፋፈልበት ክፍል ሲሆን ከአምስቱ ሦስቱን የወሰደ ያሸንፋል። በአማርኛ በጻፍኩት ቁጥር ራሴን ያስቀኛል።) ያኔ በመጨረሻው ሴት ላይ ታይብሬክ፣ ማለትም 6 ለ 6 ሲሆን ሴቱን የሚቆርጥ አጭር መለያ፣ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ጌም (ሴቱ የሚቆጠርበት ነጥብ) ልዩነት እስኪመጣ ትቀጥላለህ። ኒስትሮም ሁለት ጊዜ ጨዋታውን ለመዝጋት ሰርቭ አድርጓል፤ ኳሷን እሱ እየጀመረ ያን ጌም ቢወስድ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቤከር ሰበረው፤ ጌሙን ነጠቀው። በመጨረሻ 9 ለ 7 አለቀ። ኒስትሮም ከሁለቱ በአንዱ ሰርቩን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔና አንተ ስለ ቤከር 1985 አናወራም ነበር። ዕድል በለው፣ እልህ በለው፤ እኔ ግማሽ በግማሽ እላለሁ።

አራተኛው ዙር የባሰ ነው። ተጋጣሚው አሜሪካዊው ቲም ሜዮት፣ 16ኛው ሲድ። ሜዮት 2 ለ 1 በሆነ የሴት ብልጫ እየመራ ሳለ አራተኛው ላይ የቤከር ቁርጭምጭሚት ዳግመኛ ተጠመዘዘ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ውድድር ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ። ልጁም አስታወሰ። ቤከር በኋላ እንደተረከው ጨዋታውን ለማቆም ወስኖ፣ የሜዮትን እጅ ሊጨብጥ ወደ መረቡ መራመድ ጀምሯል። ሜዮት ግን ከኋላ መስመር ላይ ነበርና መረቡ ጋ አልደረሰም። በዚህ መሃል ቦሽና ቲሪያክ ከተመልካቹ መሃል ሆነው ይጮሃሉ። የሕክምና እረፍት ጠይቅ ነው የሚሉት። ሰማቸው። ጠየቀ። እግሩ ታሰረለት። ተመልሶ ገባና ሴቱን በታይብሬክ ወሰደ። አምስተኛውን 6 ለ 2 ጨረሰ።

እንግዲህ ሜዮት ጥቂት እርምጃ ወደ መረቡ ቀረብ ብሎ ቢሆንስ? እጅ ከተጨባበጡ ነገሩ ያበቃ ነበር። ይህን ዕድል አይደለም ብዬ ብከራከር ለራሴም አላምንም። ግን አንድ ነገር ጨምርበት። የተጠመዘዘ እግር ይዞ፣ በ17 ዓመቱ፣ በሴት ብልጫ እየተመራ፣ ታይብሬክ አሸንፎ አምስተኛውን 6 ለ 2 የሚያሸንፈው ዕድል የሚባል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀለል አለ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ኦንሪ ለኮንትን በአራት ሴት አሸነፈ። ልብ በል፣ ለኮንት ማለት ሌንድልን ከውድድሩ ያስወጣው ፈረንሳዊ ነው። ግማሽ ፍጻሜ ላይ አምስተኛው ሲድ አንደርስ ያሪድ የመጀመሪያውን 6 ለ 2 ወሰደበት። ቤከር ሁለተኛውን በታይብሬክ አተረፈ። ዝናብ ገባና ጨዋታው ለሁለት ቀን ተከፈለ። ሲመለሱ ቤከር 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 ጨረሰው።

ፍጻሜው የተካሄደው ጁላይ 7 ቀን 1985 ነው። በእኛ ሰኔ 30 ቀን 1977። ሰባ ሰባት ሲባል እኛ የምናስታውሰው ሌላ ነው። እዚያው ለንደን፣ ከስድስት ቀን በኋላ፣ በዌምብሌይ ስታዲየም ለኢትዮጵያ ረሃብ የተዘጋጀው ትልቁ የሙዚቃ ድግስ ተካሄደ። የዚያን ሳምንት የእንግሊዝ ጋዜጦች ሳስብ ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ይመጡብኛል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ተጋጣሚው ኬቨን ከረን ነበር። ስምንተኛው ሲድ፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ፣ ሰርቩ እንደ ጥይት የሆነ ሰው። ጓደኛህ «ማክንሮን አልገጠመም» ሲል የሚረሳው ይህን ነው፤ ማክንሮን ከውድድሩ ያስወጣው ከረን ነው። በሦስት ተከታታይ ሴት። ኮነርስንም ያስወጣው እሱ ነው። እሱንም በሦስት ሴት፣ አምስት ጌም ብቻ ሰጥቶ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በዓለም ላይ ከከረን የባሰ ለመግጠም የሚያስቸግር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የፓሪሱ ሻምፒዮን ቪላንደር ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። ትልልቆቹን ያስወጣቸውን ሰው ፍጻሜ ላይ አሸንፈህ «ትልልቆቹን አልገጠምክም» ብትባል ደስ ይልሃል?

ቤከር 6 ለ 3፣ 6 ለ 7፣ 7 ለ 6፣ 6 ለ 4 አሸነፈ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ነገር ሆነ። የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጀርመናዊ። የመጀመሪያው ሲድ ያልሆነ ሻምፒዮን። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ፣ 17 ዓመት ከ227 ቀን። ከዚያ በፊት የነበረው የዊምብልደን የዕድሜ ክብረ ወሰን በ1891 በ19 ዓመቱ ባሸነፈው በዊልፍሬድ ባደሊ የተያዘ ነበር። ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ ጥቂት ነው የቀረው።

እስኪ ትንሽ ስለ ጨዋታው ዓይነት ላውራ፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። የዚያን ጊዜው የዊምብልደን ሳር የዛሬው አልነበረም። የሁለት ዓይነት ሳር ድብልቅ ነበር፤ ኳሷ መሬት ስትነካ ዝቅ ብላ ሽልክ ትላለች። በ2001 ወደ አንድ ዓይነት ጠንካራ ሳር ተቀየረ፤ ኳሷም ከፍ ብላ መንጠር ጀመረች። ኳሶቹም ነጭ ነበሩ። ዊምብልደን ወደ ቢጫ ኳስ የዞረው በ1986 ስለሆነ፣ ቤከር ነጭ ኳስ ይዞ ያሸነፈ የመጨረሻው ሰው ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ትልቅ ሰርቭ ያለውና ተከትሎ ወደ መረብ የሚሮጥ ሰው ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

የቤከርን ሰርቭ ቪዲዮ አግኝተህ አዘግይተህ እየው። ጉልበቱን በጣም ያጥፋል። ትከሻውን ወደ ጎን አዙሮ፣ እንደ ቀስት ተለጥጦ፣ መላ ሰውነቱን ይወረውረዋል። በ17 ዓመቱ ጭኑ የ25 ዓመት ሰው ነበር። ኃይሉ የመጣው ከእግሩ እንጂ ከክንዱ አልነበረም። መረቡ ጋ ሲደርስ ደግሞ ኳስ ካመለጠችው ተወርውሮ ሳሩ ላይ ይዘረጋል። ልብሱ አረንጓዴና ቡናማ ሆኖ ሲነሳ ታያለህ። ሕዝቡ ልጁን የወደደው በዚህ ነው። ከትልቆቹ አንዳቸውም እንደዚያ አይንከባለሉም ነበር።

በነገራችን ላይ የዚያ ሰርቭ ምስጢር በኋላ ተሰርቋል። አንድሬ አጋሲ እንደተናገረው፣ ቤከር ሰርቭ ከማድረጉ በፊት ምላሱን ያወጣል፤ የምላሱ አቅጣጫ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ይነግርሃል። መጀመሪያ ላይ ተከታትሎ ሦስት ጊዜ የተሸነፈው አጋሲ ቀሪዎቹን አንድ ሲቀር ሁሉንም አሸነፈ። ቤከር ይህን የሰማው ጨዋታ ካቆመ በኋላ ነው።

«አንድ ጊዜ ማንም ይሳካለታል» ይል ይሆናል ጓደኛህ። ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ። ስለዚህ የቀጣዮቹን ወራት ተመልከት። ነሐሴ ላይ ምዕራብ ጀርመን ሃምቡርግ ላይ በዴቪስ ካፕ፣ ማለትም በአገሮች የቡድን ውድድር፣ አሜሪካን ገጠመች። ቤከር ኤሊዮት ቴልቸርንም አሮን ክሪክስታይንንም አሸነፈ፤ አገሩም 3 ለ 2 አለፈች። ታኅሣሥ ላይ ሙኒክ ውስጥ የዴቪስ ካፕ ፍጻሜ ነበር፣ ከስዊድን ጋር። ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፈች። ግን ሁለቱም የጀርመን ነጥቦች የመጡት ከቤከር ነው። ያሸነፋቸው ደግሞ ስቴፋን ኤድበርግንና ማትስ ቪላንደርን ነው። ቪላንደር ማለት ያ ግንቦት ላይ ፓሪስ ያሰናበተው ሰው።

በ1986 ወደ ዊምብልደን ተመለሰ። አሁን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ቪዲዮውን አጥንቷል። ፍጻሜው ላይ የጠበቀው ጓደኛህ «አልገጠመውም» ያለው ሌንድል ነበር። ያኔ የዓለም አንደኛ። ቤከር 6 ለ 4፣ 6 ለ 3፣ 7 ለ 5 አሸነፈው፤ አንድ ሴት እንኳን ሳይሰጥ። ዕድሜው 18። ለእኔ ክርክሩ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ ብዬ ግን አልዋሽህም። በ1987 መጀመሪያ ከቦሽ ጋር ተለያዩ። በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ አንደኛ ሲድ ሆኖ ገብቶ፣ በሁለተኛው ዙር ፒተር ዱሃን በሚባል አውስትራሊያዊ ተሸነፈ። ጀርመን ውስጥ ሐዘን ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ቤከር ለጋዜጠኞች የመለሰው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ጦርነት አልተሸነፍኩም፣ የሞተ ሰው የለም፣ የተሸነፍኩት አንድ የቴኒስ ጨዋታ ነው አለ። የ19 ዓመት ልጅ ነው ይህን የተናገረው። ለሁለት ዓመት አገሩ በሙሉ ትከሻው ላይ ተቀምጦ እንደነበር ካሰብክ አባባሉ ይገባሃል። በዚያን ዘመን የጀርመን ልጅ ሁሉ ራኬት ይዞ ነበር፤ የአገሪቱ ቴኒስ ፌዴሬሽን አባላት ቁጥርም በኋላ ከ2 ሚሊዮን አልፏል።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ዛሬ ይቻላል ወይ?

ወንዶቹ ላይ በጣም ከባድ ነው። ከቤከር በኋላ በ17 ዓመቱ ግራንድ ስላም የወሰደ ወንድ አንድ ብቻ አለ፤ በ1989 ፓሪስ ያሸነፈው ማይክል ቻንግ። እሱ እንዲያውም ከቤከር በወራት ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ19 ዓመት በታች ሆኖ ያሸነፈ ወንድ የለም። ናዳል 19፣ አልካራዝ 19። ምክንያቱ ልጆቹ ስለደከሙ አይመስለኝም። ሳሩ ሲዘገይ፣ ኳሱ ከፍ ሲል፣ ጨዋታው የረጅም ልውውጥ ሆነ። በአንድ ሰርቭና በአንድ ቮሊ (ኳሷ ሳትነጥር በሚመታ ምት) ነጥብ መቁረጥ ቀረ። ለሁለት ሳምንት ከኋላ መስመር ላይ እየሮጡ መቆየት የሚችል ሰውነት ደግሞ በ17 ዓመት አይጠናም። የሠላሳ ዓመት ሰዎችም ዛሬ ሐኪማቸውን፣ ምግብ አብሳያቸውን፣ ወጌሻቸውን ይዘው ስለሚዞሩ ቦታቸውን በቀላሉ አይለቁም። ሴቶቹ ላይ በሩ ሰፋ ያለ ነው። ሻራፖቫ በ2004 ዊምብልደንን ስትወስድ 17 ዓመቷ ነበር፤ ራዱካኑ በ2021 ኒውዮርክ ላይ ከማጣሪያ ተነስታ ስታሸንፍ 18።

አሁን ወደ ማኪያቶው። ጓደኛህ ይክፈል። ግን ለኒስትሮም ሁለት ሰርቭና ለሜዮት ጥቂት እርምጃ ስትል ኬኩን አንተ ግዛ።